ስድስት ጊዜ የተሸጠው ጥልፍ

የበቀለች ጥልፍ ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ስድስት ጊዜ ተሽጧል። ስድስቱንም ጊዜ ገዢው ገንዘቡን ሳያቅማማ ከፍሏል፤ ስድስቱንም ጊዜ ጥልፉ ተመልሶ የበቀለች ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንዲህ ያለ ንግድ ሌላ አገር ይኑር አይኑር አይታወቅም። ጎፋ ግን አለ፣ ደረሰኝም አለው።

ነገሩ እንዲገባ ከሴትዮዋ መጀመር ይሻላል። በቀለች ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አራቱን ዓመት ያሳለፈችው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ፋይል በማውጣትና ፋይል በመመለስ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትዝ የምትለው ፋይል የጠፋ ዕለት ነው። በበቀለች ዘመን አንድም ፋይል ስላልጠፋ እሷ ትዝ ያለችው ሰው አልነበረም። ጡረታ ስትወጣ በተደረገላት ሽኝት ላይ አለቃዋ ተነስቶ ረጅም ንግግር አደረገ፤ የዘረዘረው ሥራ ግን የሌላ ሴት ነበር። በቀለች አላረመችውም። ሴትዮዋ እውነትም ጎበዝ ነበረች፣ ንግግሩም ጥሩ ነበር። ከሌላው ጋር አብራ አጨበጨበች፣ የግድግዳ ሰዓቷን ተቀበለች፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጥልፍ የተማረችው በልጅነቷ ደብረ ሲና፣ ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የሚጠለፈው የታወቀ ነበር። ትራስ ላይ «መልካም እንቅልፍ»፣ አልጋ ልብስ ላይ ሁለት እርግብ፣ የጠረጴዛ ልብስ ላይ እንደገና ሁለት እርግብ። ባሏ ቦጋለ በሕይወት ሳለ ቤታቸው ውስጥ እርግብ ያልሰፈረበት ጨርቅ አልነበረም። ቦጋለ ዘጠኝ ዓመት ሆነው ካረፈ። ከሱ በኋላ እርግብ ሰለቻት።

ኮንዶሚኒየሟ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዋ ቁልቁል የሚያየው የታክሲ ሰልፉን ነው፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ሻይዋን ይዛ ሰልፉን ታያለች። አንድ ቀን ሁለት ሜትር አቡጀዴ ገዝታ መጣችና ያየችውን መጥለፍ ጀመረች። አርባ ሦስት ሰው ሆነ። አንዷ ሕፃን አዝላለች፣ አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ የመስኮት ፍሬም ተሸክሟል፤ መሬት ቢያስቀምጠው ማን ምን እንደሚለው እንጃ፣ ብቻ አላስቀመጠውም። ሰማዩን በአራት ዓይነት ግራጫ ክር ሠራችው። ዘጠኝ ወር ፈጀባት።

ለማን ነው የምትሠሪው ብሎ የጠየቃት የለም። ቢጠይቃትም «ዝም ብዬ ነው» ትለው ነበር። ዝም ብላ ግን አልነበረም። በቀለች የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ የማታውቀው ሰው ይህን ጨርቅ ወዶት፣ ከቤቷ አውጥቶ ወስዶ፣ የገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅለው። ገንዘብም ምስጋናም አላማራትም። ወዶ የሚወስድ ሰው ነው ያማራት።

ሚካል የመጣችው የውሃ ፓምፕ መዋጮ ልትሰበስብ ነው። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር የፋርማሲ ሠራተኛ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በስልኳ የቀጥታ ሽያጭ ታካሂዳለች። የሠፈር ሰው በእጁ የሠራውን ሸክላ፣ ሥዕል፣ የቆዳ ቦርሳ እያሳየች በቁርጥ ዋጋ ትሸጣለች፤ የዕለቱን ትልቅ ዕቃ ግን ለጨረታ ታወጣለች። ዕቃው ሲወጣ ግማሹ ገንዘብ ለሠሪው፣ ግማሹ ፉሪ ውስጥ አሥራ ስምንት ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ለሚኖሩበት ቤት ይገባል። ይህቺ ሚካል መዋጮውን ተቀብላ ልትወጣ ስትል ግድግዳው ላይ አፍጥጣ ቀረች።

«እትዬ በቀለች! ይሄን ማን ሠራው?»

«ማን ይሠራዋል? ቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው ታያለሽ?»

«ይሄማ አርት ነው! በናትዎ ቅዳሜ ላውጣው?»

«ወዴት?»

«ላይቭ ነዋ! ጨረታ!»

በቀለች ትንሽ አሰብ አደረገች። «እንዳትጨማድጂው» አለች። ከበቀለች አፍ ሲወጣ ይህ እልልታ ነው።

ቅዳሜ ሲደርስ ጥልፉን አውርዳ በጀርባው ተኮሰችው፣ በንጹሕ ነጠላ ጠቀለለችው። ባዶውን ግድግዳ አየችና ምን ልስቀልበት እያለች ማሰብ ሁሉ ጀምራ ነበር። ጨረታውን ያሸነፉት አቶ ዋቅቶላ ናቸው። መካኒሳ አቦ የግንባታ ዕቃ መደብር ያላቸው፣ ለእድሩ ድንኳን፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ፣ ለማንኛውም ጭንቅ ሚስማር የሚሰጡ የታወቁ ደግ ሰው። ሚካል «ሦስተኛ ጊዜ!» ብላ ጠረጴዛውን ስትመታ በቀለች ከስልኩ ጎን ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣበቀች። ወዲያው ስክሪኑ ላይ የአቶ ዋቅቶላ ጽሑፍ ወጣ።

«ለአረጋውያኑ መልሻለሁ። እንደገና ይሸጥ።»

ስልኩ በልብ ምስል ተጥለቀለቀ። «ይባረኩ!» «ጨዋ!» «ሰው ማለት እኚህ ናቸው!» ሚካል እንባዋ መጣ። በቀለች ነጠላውን እንደያዘች ቀረች።

ይህ ልማድ ለጎፋ ሰው አይነገርም፤ ለሌላው ግን እንዲህ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጨረታ ሲወጣ ሙክት ይቀርባል። አንዱ ያሸንፍና «መልሻለሁ» ይላል፣ እልል ይባልለታል። ሙክቱ እንደገና ይሸጣል፤ ሁለተኛውም ይመልሳል። እንዲህ እየተባለ ሙክቱ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ በአንድ ጠዋት አምስት ጌታ ይለውጣል። አሸንፎ ሙክቱን እየጎተተ መሄድ መብት ነው፣ የሚከለክል የለም። ብቻ ከኋላው የሚተርፈው ስም ጥሩ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ክርስቲያን እስላም፣ ጎፋ መካኒሳ የለም። በሚቀጥለው ጨረታ ያሸነፈው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው አናስ ነበር፤ እሱም መለሰ። ሦስተኛው አንድ የሴቶች ማኅበር ነበር፤ በአንድ ድምፅ መለሱ። አራተኛው እንደገና አቶ ዋቅቶላ። አምስተኛውና ስድስተኛው እነማን እንደነበሩ በቀለች ማስታወስም አልፈለገች። ከሦስተኛው በኋላ ጥልፉን በነጠላ መጠቅለል ትታ ነበር።

ሌላው ሠሪ ዕቃው በቁርጥ ዋጋ እየተሸጠ በፌስታል እየተንጠለጠለ ይወጣለታል። የሰባት መቶ ብር ቦርሳ የገዛ ሰው ቦርሳውን ይዞ ይሄዳል፣ ማንም ስስታም አይለውም። የበቀለች ጥልፍ ግን ትልቅ ዕቃ ሆነና ተከብሮ ቀረ።

በጥር አጋማሽ ፉሪ ወሰዷት። የአረጋውያኑ ቤት አስተዳዳሪ ታሪኩ አዳዲሶቹን ፍራሾች አንድ በአንድ እየተጫነ አሳያት። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑንም ከፍቶ ዘጋላት። አንድ ሽማግሌ ከአልጋቸው ቀና ብለው ግንባሯን ሳሟት፣ መረቋት። ከዚያ ታሪኩ የምስጋና የምስክር ወረቀት ሰጣት። አራተኛዋ መሆኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሽያጭ አንድ ይመጣል።

«የርስዎ ጥልፍ እኮ ወይዘሮ በቀለች» አላት ታሪኩ፣ «የማትነጥፍ ላም ናት!»

በቀለች ፈገግ አለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፣ አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። ሽማግሌዎቹ በሷ ጥልፍ ሰበብ ወገባቸው አርፎ ይተኛሉ፤ እሷ ጨርቅ አልተወሰደልኝም ብላ ታኮርፋለች። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ፍራሾቹን ስታይ ከልቧ ደስ ብሏት ነበር። ግን በታክሲ ስትመለስ ሆድ ባሳት። ስድስት መቶ ሰው አይቶት አንድ ሰው ካልፈለገው ነገሩ ምን ይባላል? ቦጋለ እንኳ እርግቦቹን «ቆንጆ ናቸው» ይል ነበር፤ ዓይኑን ከጋዜጣ ሳያነሳም ቢሆን።

ስድስተኛው ሽያጭ ባለፈ በሳምንቱ ሚካልን አስጠራቻት።

«በሚቀጥለው ጊዜ መመለስ የለም በይ።»

ሚካል አልገባትም። «እትዬ፣ ሰው እኮ ለጽድቅ ብሎ ነው የሚመልሰው።»

«ጽድቁን ያግኝ። ዕቃውንም ይዞ ይሂድ።»

«እሺ ግን ተጫራች ከጠፋስ?»

«ይጥፋ» አለች በቀለች። ይህን ያለችው እንደማይጠፋ ተስፋ ስላደረገች ነው። ተስፋ ደግሞ አጉል ነገር ነው፣ ሰውን አስቀድሞ ያጀግነዋል።

በየካቲት መጨረሻ ቅዳሜ ሚካል ስልኳን ደግፋ አቆመች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ገብቷል። «ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ አዲስ ደንብ አለን» አለች። «ይህን ውብ ጥልፍ ያሸነፈ ሰው መመለስ አይችልም። ይዞ ነው የሚሄደው። በአንድ ሺህ ብር እንጀምራለን!»

ማንም አልጀመረም።

ሚካል ስለ ክሩ ተናገረች። ስለ ግራጫው ሰማይ ተናገረች። ስለ አረጋውያኑ ፍራሽ ተናገረች። አንዱ «እግዚአብሔር ያክብራችሁ» ብሎ ጻፈ። አንዷ «ኔትወርክ ይቆራረጣል» አለች። አናስ አበባ ላከ፣ አበባ ብቻ። ስድስት ደቂቃ ሲሞላ አንድ ሰው «ቦርሳው ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የአቶ ዋቅቶላ ስም ከተመልካቾቹ መካከል ትንሽ ታየና ጠፋ። በቀለች ሁሉንም አየች። በሽኝቷ ቀን ያልተሰማት ነገር አሁን ተሰማት፤ ያን ቀን የሌላ ሰው ሥራ ነበር የተመሰገነው፣ ዛሬ ያልተፈለገው ግን የራሷ ነው። ፊቷ ላይ ምንም የተለየ ነገር አልታየም።

«አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነን» አለች ሚካል፣ ድምጿ ሊያልቅ ደርሶ። «እሺ፣ ዛሬ እንግዲህ…»

«እኔ» አለች በቀለች።

ሚካል ዞር አለች። «ምን አሉ እትዬ?»

«እኔ እጫረታለሁ። አራት ሺህ።» ፍሪጁን ልታስጠግንበት ያስቀመጠችው ነበር። ፍሪጁ ይቆይ።

«እትዬ፣ የራስዎ እኮ ነው!»

«ደንቡ ሠሪ አይጫረትም ይላል?»

ደንቡ አይልም። ሚካል «አንደኛ ጊዜ፣ ሁለተኛ ጊዜ» አለች፣ ዙሪያውን እንደሚያይ ሰው ስክሪኑን አየች፣ «ሦስተኛ ጊዜ!» ብላ ጠረጴዛውን መታች። ያን ጊዜ ተኝቶ የነበረው ሁሉ ነቃ። «እንዴት ያለች እናት ናት!» «መለሱት በሉን!» «ደንቡ ለእናታችን ይነሳ፣ ይመልሱት!»

በቀለች ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። መነጽሯን አስተካክላ አነበበች።

«አልመለስኩም» አለች። «ይዤ እገባለሁ።»

«ለምን?» ብሎ ጻፈ አንዱ።

«ወድጄዋለሁ።»

ከዚያ ጥልፉን በክንዷ አንጠልጥላ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ሚካል ተከትላት መጣች፣ በሩ ላይ ቆመች። «አረጋውያኑስ እትዬ? ከእንግዲህ በምን እናሰባስብ?»

«ለነሱ ሁለት እርግብ እጠልፍላችኋለሁ» አለች በቀለች። «እሱን እየመለሱ ይክረሙ።» በሩን ዘግታ ጥልፉን ሰቀለችው። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና አለቀሰች። ብዙ አላለቀሰችም፤ ግን ከቦጋለ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሠፈሩ ሰኞ ዕለት አወቀ። ደረጃው ላይ የሚያገኟት ሰዎች «ደህና ነሽ?» የሚሉበት ድምፅ ትንሽ ተቀይሯል። አንድ ሰው የሚካል የሽያጭ ቻናል ላይ «ስስት በሽታ ነው» ብሎ ጽፏል ተባለ። በቀለች ዝም አለች፤ ዝም አይነቅዝም።

ማክሰኞ ወደ ስድስት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ከፍታ ስታይ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ወፍራም ሰው ቆመዋል።

«ወይዘሮ በቀለች፣ ዋቅቶላ እባላለሁ።»

«አውቅዎታለሁ። ሁለት ጊዜ ገዝተው ሁለት ጊዜ መልሰዋል። ይግቡ።»

ገቡ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ውሃ አልፈልግም አሉ፣ ከዚያ ውሃ ጠየቁ። ጠጥተው ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ ግድግዳውን ላለማየት አንገታቸውን አጣመሙ።

«ይሽጡልኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ሰልፉን።»

በቀለች ቀጥ ብላ አየቻቸው። «ቅዳሜ ሲሸጥ የት ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ነበሩ። አየሁዎት። ከዚያ ወጡ።»

አቶ ዋቅቶላ ኮፍያቸውን ማዞር ጀመሩ። «ምን ላድርግ ወይዘሮ በቀለች? እኔ እኮ የሰው ዓይን ያለብኝ ሰው ነኝ። ዋቅቶላ በሽማግሌዎች ስም ሳሎኑን አሳመረ አይባልም? የመጀመሪያውን ቀን ልወስደው ነበር የተጫረትኩት። እጄ ቀድሞኝ ‹መልሻለሁ› ብሎ ጻፈ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጽፍ የኖረ እጅ ነው። ሁለተኛም ሞከርኩ። ያው ሆነ።»

በቀለች አላመነችም። በሠፈሩ ሲወራባት ሰምተው፣ አዝነውላት የመጡ መሰላት። ይህ ደግሞ ከቅዳሜውም የባሰ ነበር። «አቶ ዋቅቶላ፣ ደግ ሰው እንደሆኑ አገር ያውቃል» አለች። «ለኔ ደግ እንዲሆኑልኝ አልፈልግም። አዝነውልኝ ከሆነ ውሃዎን ጠጥተዋል፣ በሩ ያው።»

ሰውየው አልተቆጡም። ከኪሳቸው መነጽር አውጥተው አደረጉ፣ ተነሱ፣ ግድግዳው ጋ ሄዱ። ወፍራም ጣታቸውን ጨርቁን ሳያስነኩ አጠጉና ከኋላ በኩል ያለ አንድ ሰውዬ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ሰውዬ» አሉ፣ «የጫማው ክር ተፈቷል። እንደተፈታም ያውቃል፣ እግሩን ሸሸግ አድርጎታል። ጎንበስ ብሎ እንዳያስር ሰልፉ ይሄድበታል። በስልኬ እያጎላሁ ሳየው ነው የከረምኩት። አዲስ አበባ የገባሁ ሰሞን ሰባት ዓመት ሙሉ የተሳፈርኩት ከዚሁ ከጎፋ ሰልፍ ነው። ይሄ እኔ ነኝ አልልዎትም፣ እርስዎ አያውቁኝም። ግን እንዲሁ ነበርኩ።»

የዚያ የጫማ ክር ርዝመት ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። በነጠላ ክር፣ ሦስት ጊዜ ፈትታ፣ ሁለት ቀን ነበር የፈጀባት። ስትጨርስ ማን ያየዋል ብላ ነበር። በቀለች ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች፣ ማጠቢያው ጋ ምንም ሳታደርግ ቆመች። ጥቂት ቆይታ ቧንቧውን ከፍታ ዘጋች፣ ወጥ ቤት የገባችበት ምክንያት እንዲኖረው።

ስትመለስ «በገዛሁበት ይወስዱታል» አለች።

አቶ ዋቅቶላ ፊታቸው ፈካ። ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ትልቅ ጥቁር ፌስታል አወጡ። ለካ አስበውበት ነው የመጡት፤ መኪናቸውንም ያቆሙት ከብሎኩ ጀርባ ነበር።

«በፌስታል አይወጣም» አለች በቀለች።

«እ?»

«በእጅዎ ይይዙታል። ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው። በዋናው በር ነው የሚወጡት።»

ሰውየው በመስኮቱ ቁልቁል አዩ። የምሳ ሰዓት ነው፤ ግቢው ውስጥ ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ፣ ጥበቃው ከሁለት ሰዎች ጋር በሩ ላይ ቆሟል፣ ከአጥሩ ወዲያ ሰልፉ አለ። «በዚህ ሰዓት? ግቢው ሙሉ ሰው እኮ ነው።»

«አዎ።»

«ወይዘሮ በቀለች፣ ማታ ልምጣ?»

«ማታ አልሸጥም።»

አቶ ዋቅቶላ ረጅም አየር ሳቡ። ፌስታሉን መልሰው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ጥልፉን ራሳቸው አወረዱት፣ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ዘረጉት፣ እየተጠነቀቁ ወጡ። በቀለች እስከ ደረጃው ሸኘቻቸውና ቶሎ ብላ ወደ በረንዳዋ ተመለሰች።

ከብሎኩ ሲወጡ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች ቆም አሉ። አቶ ዋቅቶላ ቀና ብለው አልፈዋቸው ሄዱ፤ ጆሯቸው ከላይ እንኳ ሲታይ ቀልቷል። በሩ ጋ ሲደርሱ ጥበቃው ተነስቶ ሰላምታ ሰጣቸው።

«ይባርክዎ አባባ!» አለ ጮክ ብሎ። «ለሽማግሌዎቹ ሊመልሱት ነው?»

አቶ ዋቅቶላ ቆሙ። የሴቶቹም፣ የሁለቱ ሰዎችም፣ የሰልፉም ዓይን እሳቸው ላይ ነው። በቀለች የበረንዳውን ብረት ያዘች።

«አይ» አሉ አቶ ዋቅቶላ። መጀመሪያ ዝግ ብለው፣ ከዚያ ድምፃቸው አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ድረስ ከፍ አድርገው፣ «አልመልሰውም! ወድጄው ነው የገዛሁት፣ ቤቴ ልሰቅለው ነው!»

በቀለች ሰማች። ሌላ ሰው ደግሞ ቢጠይቃቸው ብላ ተመኘች።